የፕላስቲኩ ቤተ ክርስቲያን ሚናራ

ባለፈው ቅዳሜ የልጄን ጫማ ላስጠግን ጦር ኃይሎች፣ ታክሲ መያዣው አጠገብ ካለው ጫማ ሰፊ ዘንድ ቁጭ ብዬ ነበር። ሰውዬው የማስቲሹን ጣሳ ከፈት ሲያደርግ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ፤ የወያሎቹ ጩኸትም የመኪናው ጡሩምባም ከጆሮዬ ጠፋ። አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ኮልፌ፣ ጓደኛዬ ቤት ጓሮ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ውስጥ፣ ጣቶቼ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው፣ ጥፍሬን የማታህል የፕላስቲክ መስኮት ይዤ ትንፋሼን ውጬ ነበር። ሳቄ መጣ። ጫማ ሰፊው በእሱ የሳቅኩ መስሎት ቀና ብሎ ገላመጠኝ።

ጓደኛዬ የጎረቤታችን የነጋዴው ልጅ ነበረች። አባቷ ከውጭ የሚመጣ ያገለገለ ዕቃ ይሸጡ ነበር፤ አንድ ቀን ከመጫወቻ ጆንያ ውስጥ አንድ ትንሽ ባቡር ከነሐዲዱ ተገኘ። ሌላ ነጋዴ ቢሆን በማግስቱ ይሸጠው ነበር። እሳቸው ግን ለአባታቸው ይዘውት ገቡ። አባባ፣ የጓደኛዬ አያት፣ ዕድሜያቸውን ወደ ድሬዳዋ በሚሄደው ባቡር ላይ ትኬት ሲቆጣጠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ወጥተውም ሥራው አልለቀቃቸውም፤ ቤታቸው የገባውን እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት ከየት እንደተሳፈረ ነበር።

ያኔ ዓይናቸው እየከዳቸው ነበር። ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይጠፋል፣ መመለሻም የለውም ብሏቸዋል። ሲያማርሩ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ፈለጉ፤ ብርሃኑ ጨርሶ ሳይሄድ ያ ባቡር ሲሄድ ማየት። ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ባትሪ ከትቶ መልቀቅ ነው ትሉ ይሆናል። አባባን አታውቋቸውም። ባቡር ከሜዳ ተነስቶ ሜዳ አይደርስም፣ መጀመሪያ ከተማ ይኑር አሉን። ከተማ ማለት ደግሞ በእሳቸው ቤት ጣቢያ፣ ገበያ፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ነው። አንዱ የጎደለው እንደሆነ ባቡር አይቆምበትም።

አሮጌ በር በርሜል ላይ አጋድመን ሐዲዱን ዘረጋንበት። ጣቢያው ከጫማ ካርቶን፣ ገበያው ከክብሪት ቀፎ ተሠራ። መስጊዱን ጓደኛዬ ከሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ቆርጣ ሠራችው፤ አሳምራው ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ግን ከባቡሩ ጋር የመጣ፣ ተገጣጥሞ የሚቆም የፕላስቲክ ዕቃ ነበር። ካርቶኑን ዝናብ መትቶት ሥዕሉ ተልጧል፤ እንዴት እንደሚገጠም የሚያሳይ ወረቀትም አልነበረውም። ክፍልፋዮቹ ከማነሳቸው የተነሳ እጅ አይይዛቸውም፤ ስለዚህ እናቴን የቅንድቧን ወረንጦ ለመንኳት። እኛ ጴንጤዎች ነን። የማን ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የፈረንጅ ነው አልኳት። ፈረንጅም ብዙ ዓይነት ነው አለችና ጥቂት አሰላስላ ሰጠችኝ።

ጉዱ የመጣው ግንቡ ላይ ስንደርስ ነው። ረዘም ያለ፣ አናቱ የሾለ ግንብ ነበረው። የት ይቀመጥ? ጓደኛዬ ቤተ ክርስቲያን ገብታ አታውቅም። የእኔ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ቆርቆሮ የለበሰ አዳራሽ ነው፤ እንኳን ግንብ ደወልም የለው። እሷ ፈጽሞ አልተጠራጠረችም፤ ሚናራው ነው፣ እንደ መስጊዳችን ከጎን ነው የሚቆመው አለች። ከጎን ተከልነው። ጣሪያው ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ተረፈ። እሱንም እኔ እንደኛ አዳራሽ በቆርቆሮ ደፈንኩት። ከዓመታት በኋላ ስልኬ ላይ እንዲህ ያለ ቤተ ክርስቲያን አይቼ ግንቡ የዚያ ቀዳዳ መሆኑን ሳውቅ ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ።

ክረምቱ ገብቶ ነበር። በዚያ እርጥበት ማስቲሹ አልደርቅ አለ፤ ማታ ያቆምነው ግድግዳ ጠዋት ተንጋዶ ይጠብቀናል። አባባ በየቀኑ ይጎበኙናል። መጀመሪያ ሰሞን በሩ ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ቀጥሎ ጎንበስ ማለት ጀመሩ። ከዚያ አፍንጫቸው የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ሊነካ እስኪደርስ ተጠጉ። እኛም ይህን እያየን እንቸኩላለን፤ በቸኮልን ቁጥር ግድግዳው ይወድቃል።

በመጨረሻ ጓደኛዬ አላስቻላትም። ቤተ ክርስቲያኑ ይቅር፣ ባቡሩን ዛሬ እንልቀቀው፣ አሁን ይዩት ብላ ለመነቻቸው። አባባ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወደ ባቡሩ ጎንበስ አሉ። እሺ የሚሉ መስሎኝ ነበር።

"የከተማውን ግማሽ ሰው ጥዬ ልነሳ?" አሏት። "አይሆንም ልጄ። ይሳፈሩ።"

የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ የጸናው ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ከተማችን ላይ ተኝታለች፤ ክፍሉ ማስቲሽና እርጥብ እንጨት ይሸታል። አባባ ትከሻዬን ይዘው ገቡ፣ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ኮታቸውንም አስተካከሉ። ፊታቸውን ያዞሩት ግን ወደ መስኮቱ ነበር። ያኔ ብርሃኑ ቀድሞን መሄዱ ገባን።

አባባ ራሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ከተማውን በጣታቸው ይዳብሱት ጀመር። ጣቢያውን አወቁት፣ ገበያውንም። የሻይ ቅጠሉን ቆርቆሮ ዳሰስ አድርገው ማሻአላህ አሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ከጣሪያው ወረደ፣ ከጎኑ ያለውን ግንብ አገኘ፣ ላዩ ድረስ ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ።

"ይሄስ?"

"ሚናራው ነው" አለች ጓደኛዬ። "የቤተ ክርስቲያኑ።"

ወንበሩ እስኪንቋቋ ሳቁ። ነቅለን እናስተካክለው ስል እጄን ያዙኝ፤ እንዳትነኩት፣ ደስ የሚል ከተማ ነው አሉ። ከዚያ ባቡሩ ይነሳ ብለው አዘዙ።

ጓደኛዬ ማብሪያውን ጫነችው። ባቡሩ እየተንቀጫቀጨ ተነሳ፤ ያን ያህል የጠበቅነው ነገር ድምፁ የልብስ ስፌት መኪና ነበር። አንድ ዙር ሳይጨርስ እሷ ማልቀስ ጀመረች።

"አባባ፣ ዘገየንብዎት" አለች።

እሳቸው ድምፁን በጆሯቸው እየተከተሉ አንገታቸውን ዞር ዞር ያደርጉ ነበር። "ባቡር ዘገየ ብሎ የሚያለቅስ ተሳፋሪ ነው" አሏት። "እኛ የባቡር ሰዎች ነን። ይልቅ አሁን የት ደረሰ?"

እሷ እንባዋን ስትጠርግ እኔ ነገርኳቸው። ገበያውን እያለፈ ነው አልኩ። መስጊዱ ጋ ደረሰ። አሁን ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ነው፣ ሰው እየተሳፈረ ነው። እስኪያርፉ ድረስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎራ እያልኩ ይህንኑ እነግራቸው ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ ብዙ የለም። አባባ ዛሬም ይናፍቁኛል። በየጣቢያው ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጉ ነበር፣ ልክ እንደሚያይ ሰው።