በርሜል ውስጥ ደህና፣ ሐይቅ ላይ እሳት

ሃላሌ ውስጥ ወፍጮ ቆመ ከተባለ የሚጠራው ሰው አንድ ነው፤ አስካለች። ከኦሞ ማዶ፣ ዳውሮ ውስጥ፣ በአባቷ ወፍጮ ቤት ዱቄት ለብሳ አደገች፣ ወዲህ ተዳረች፣ የአባቷንም ሙያ ይዛ መጣች። ባሏ መጀመሪያ አፈረ፤ በኋላ ሰው ሁሉ «የአስካለች ባል» ሲለው ለመደው። እጇን ዘይት ነክቶት ገበያ ስትወርድ አሽሙር የሚወረውሩባት ነበሩ። ወፍጯቸው ሲቆም ግን «እህታችን» ይሏታል።

ኦሞ በግድቡ ተኝቶ ሐይቅ ከሆነ ወዲህ እናቷ ቤት የሚያደርሳት የሃላሌ የጀልባ ማኅበር ሞተር ጀልባ ብቻ ሆነ። ነጂው ተሻገር ይባላል፤ ስም ያወጣለት ሰው ነገሩን አስቀድሞ ያየ ይመስላል። አስካለች በየማክሰኞው ትሻገራለች፣ ለእናቷ እንጨት ትፈልጣለች፣ ጸጉሯን ትሠራላታለች፣ ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች።

ከዚያ የጀልባው ሞተር መጋል ጀመረ። ይህ ሞተር ራሱን የሚያቀዘቅዘው ከሥሩ የሐይቁን ውሃ እየሳበ ነው፤ የሳበውንም በጎኑ በቀጭኑ መልሶ ይተፋዋል። ሃላሌዎች ይህን «ሽንቱ» ይሉታል። የማኅበሩ ሰብሳቢና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆኑት ጋሼ ደገፉ እንኳ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ዛሬ ሸንቷል?» ብለው ይጠይቃሉ። ከሸና ደህና ነው። ካልሸና ይግላል፣ የማስጠንቀቂያ ጩኸቱን ይለቃል፣ ይቆማል።

የመጀመሪያው ቀን ጥፋተኛው ፌስታል ነበር፤ ውሃ መሳቢያው ቀዳዳ ላይ ተለጥፎ ተገኘ። እንዳይደገም ብላ አስካለች ከእንሰት ቃጫ ማጥለያ ጎንጉና ቀዳዳው ላይ አሰረችለት። የእንሰት አገር ሴት ቃጫ የማይበጅለት ነገር አለ ብላ አታምንም። ሞተሩ ግን መጋሉን አልተወም። እሷም በጋለ ቁጥር ቆሻሻ አልፎ ገብቶ ነው እያለች ማጥለያውን ጠበቅ፣ ደቀቅ አድርጋ እንደገና ትሠራዋለች።

ያልሞከረችው የለም። ውሃ የሚገፋውን ጎማ ቀየረች። ለውሃው መንገድ የሚከፍተውን ቴርሞስታት አውጥታ ድስት ውስጥ አፈላችው፤ ሲሞቅ ይከፈታል፣ እሱም ደህና። ቱቦዎቹን በሽቦ ጎረጎረች። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር እያለች እያንዳንዱን ብሎን ጠረጠረች። ሞተሩን ውሃ በሞላ በርሜል ነክራ ስታስነሣው አንድ ሰዓት ሙሉ ያለ ሐሳብ ይሸናል። ደስ ብሏት ሐይቅ ላይ ስታወርደው ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይጮኻል። በርሜል ውስጥ ደህና፣ ሐይቅ ላይ እሳት። እንዲህ እያለ፣ እናቷንም ሳታይ፣ አራት ወር አለፈ።

ከሶዶ የመጣ ባለጋራዥ አይቶ «ውስጡ ተቃጥሏል፣ ሽጡት» ብሎ ሄደ። ጋሼ ደገፉም ገዢ አገኙ፤ ቅዳሜ መጥቶ ሊወስደው ተስማማ። ሞተሩ ከሄደ መሻገሪያ የለም። በመኪና ዙሪያውን መሄድ ደርሶ መልስ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ እግሯ ከደጃፏ የማያልፍ እናቷም ልጇን በዓመት አንዴ ካየች ነው።

«አንድ ቀን ይስጡኝ፣ ጋሼ» አለች አስካለች። ሐሙስ ጠዋትን ሰጧት። በዓይናቸው ሊያዩ ራሳቸውም ጀልባው ላይ ወጡ።

ተሻገር ገመዱን ሳበ፤ ሞተሩ ተነሣ፣ ሸና። አምስት ደቂቃ ሆነ፣ ከዚያ አሥር። የማዶው ኮረብታ እየቀረበ መጣ፣ የእናቷ ቤት ቆርቆሮ ብልጭ አለ፣ የአስካለች ልብ ከሞተሩ በላይ ይመታ ጀመር። በዚህ መሃል ሽንቱ ቀጠነ። ክር አከለ። ጠብታ ሆነ። ጩኸቱ መጣ።

ተሻገር አጠፋው። ጀልባው መሃል ሐይቅ ላይ ዝም ብሎ ዞረ።

«የቻልሽውን አድርገሻል፣ ልጄ» አሉ ጋሼ ደገፉ፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ከተሻገር ጋር መቅዘፊያ ሊፈልጉ ጎነበሱ።

አስካለች ሞተሩን ወደ ላይ አጋደመችው። በርሜሉንና ሐይቁን ምን ለያቸው? ቤንዚኑ ያው ነው። ጎማው ያው ነው። እጇን ወደ ሥሩ ስትሰድ ጣቷ ቃጫውን ነካ፤ እዚያው ደርቃ ቀረች። በርሜል ውስጥ ስትነክረው ማጥለያውን ትፈታዋለች፣ የቧንቧ ውሃ ንጹሕ ነው ብላ። ሐይቅ ላይ ስታወርደው መልሳ ታስረዋለች። ቃጫው ውሃ ጠጥቶ አብጧል፣ ደለል ጎርሷል፣ ጠብታ አያሳልፍም። ፌስታሉ የዘጋው አንድ ቀን ነው። አራት ወር ሙሉ የዘጋችው እሷ ናት። ኀፍረትና ደስታ አንድ ላይ መጡባት፤ የትኛውን እንደምታስቀድም አላወቀችም።

የሚያያት የለም። ቆርጣ ውሃው ላይ ብትለቀው፣ «ብሎን አጠበቅሁ» ብላ መገላገል ትችል ነበር። ቢላዋ አወጣች፣ ቆረጠችው፣ እርጥቡን ቃጫ ወስዳ ጋሼ ደገፉ እግር ሥር አስቀመጠችው።

«ሲያግለው የነበረው ይሄ ነው፣ ጋሼ። የሠራሁትም እኔ ነኝ።»

ጋሼ ደገፉ ቃጫውን አዩ፣ እሷን አዩ። «ንጹሕ ውሃ ላጠጣው ብለሽ ጉሮሮውን አንቀሽው ኖሯል በይኛ» አሉ።

«አዎ።»

ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቁ። ከዚያ ጋሼ ደገፉ ወደ ተሻገር ዞሩ። «አስነሣው።»

ተነሣ። ሸና። እንዲያ አድርጎ ሸንቶ አያውቅም፤ ውሃው ተወርውሮ የጋሼ ደገፉን ኮት አራሰው፣ እሳቸውም ኮታቸውን ትተው ሰዓታቸውን ያያሉ። አሥር ደቂቃ አለፈ። ሩብ ሰዓት አለፈ። ተሻገር መዝሙር ጀመረ፣ አስካለች እየሳቀች እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ጀልባው ዳር ሲነካ ጋሼ ደገፉ «ቅዳሜ የሚመጣው ሰው ሻዩን ጠጥቶ ይመለሳል» አሉ።

አስካለች ዳገቱን በሩጫ ወጣችው። እናቷ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች።

«አራት ወር» አለች እናቷ፤ ሌላ ሰላምታ አልነበራትም። «ሞተሩ ተበላሸ አሉኝ። ማን ነው ያበላሸው?»

አስካለች ዝቅ ብላ ጉልበቷን ሳመች። «እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

እናቷ ዘይት ያጠቆረውን እጇን ይዛ ብዙ አየችው።

«አባትሽን ነሽ» አለች። «እሱም ወፍጮውን የሚያበላሸው ራሱ ነበር፤ ግን አንድ ቀን እንኳ በሌላ ሰው አላሳበበም።»