የሰጠመው ነጋሪት ፍርድ

ዋና የማያውቁ ሰዎች ለወንዝ ሕግ ሲያወጡ፣ እኔ መሐላቸው ቆሜ ቃል በቃል አስተርጉሜያለሁ። ዐረብኛውን ከቁርአን ቤት፣ አማርኛውን ከደጋ ከመጡት ወታደሮች ለቅሜ ነበርና፣ በአሶሳ በኩል ችሎት በተቀመጠ ቁጥር የምጠራው እኔ ነበርኩ። ብዙ ሞኝነት በአፌ አልፏል። የታላቅ ወንድሜን ነገር ያህል የመረረኝ ግን የለም።

ወንድሜ ጠላቂ ነበር። ሌላው ሰው ዳር ላይ ጎንበስ ብሎ ወርቅ ሲያጥብ፣ እሱ ዓባይ ውስጥ ገብቶ ከድንጋይ ሥር አሸዋ ያወጣ ነበር። ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች አገሩን ባጠፉ ጊዜ፣ የገዢያችንን የሼኩን ቤት ዕቃ ጭኖ ሲሸሽ የነበረ ትልቅ የእንጨት ጀልባ መሻገሪያው ላይ ሰጥሞ ቀርቷል። አንድ በጋ ውሃው ሲጠራ ወንድሜ የጀልባውን ስባሪ አየና ጠለቀ። ይዞ የወጣው እኛ ናሃስ የምንለውን፣ ሼክ ሲሾም የሚመታውን የመዳብ ነጋሪት ነው።

በእኛ ዘንድ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ሕግ አለ። ወንዝ ዕቃውን የበላበት ሰው ዳር መጥቶ ያለቅሳል። ያለቀሰ፣ ዕቃው አንድ ቀን ሲወጣ ይመለስለታል፤ ያላለቀሰ ትቶታልና ያወጣው ይወስደዋል። ነጋሪቱ ሲሰጥም ከሼኩ ቤት አንድ ሰው እንኳ ወንዙ ዳር ብቅ አላለም። ሽማግሌዎቹም ይህን ያውቁ ነበርና ነጋሪቱ የወንድሜ ነው አሉ።

ወሬው ሲሰማ ግን ባለቤት እንደ ክረምት እንጉዳይ ፈላ። የሼኩ የወንድም ልጅ፣ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ውሃ ነክቶት የማያውቅ ሰው፣ «የአባቶቼ ነው» ብሎ ከሰሰ። ከደጋ የመጣው ዳኛ ደግሞ ከመሬትም ከውሃም በታች ያለ ሁሉ የመንግሥት ነው አለ። ከዚያም እንደ አገሩ ልማድ ከሳሽና ተከሳሽን በአንድ ሰንሰለት አቆራኛቸው። ነገሩ እስኪያልቅ አብረው ሊበሉ፣ አብረው ሊተኙ፣ አንዱ ሊሸና ሲነሳ ሌላው ሊከተለው ነው። ከሳሹ የተከበረ ሰው ስለሆነ ሲሸና ወንድሜ ፊቱን እንዲያዞር ታዘዘ፤ ይህንንም አስተረጎምኩ።

በመጨረሻ ዳኛው ጢሙን እየዳበሰ ፈረደ። «ዕቃው ያለ ፈቃድ ስለወጣ እንዳልወጣ ይቆጠራል። ወደነበረበት ይመለስ። ከዚያ በፊቴ፣ በሕግ ይውጣ። የማን እንደሆነ ያን ጊዜ እናገራለሁ።»

ይህን ለወንድሜ ስነግረው እየቀለድኩ መስሎት ሳቀ።

አልቀለድኩም። ወደ ዓባይ ወረድን፤ ነጋሪቱ በታንኳ ተወስዶ ጀልባው የሰጠመበት ላይ ተጣለ። ሲሰጥም ሁሉም ተመለከተው። ያን ያህል ባለ ጢምና ባለ ጥምጥም ተሰብስቦ መዳብ ውሃ ውስጥ ሲወረውር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወንድሜ ለመጥለቅ ሰንሰለቱ እንዲፈታለት ለመነ። ከሳሹ እምቢ አለ። «ወላሂ ከተፈታ ይዞት ይጠፋል» አለ። ከዓባይ ሥር ወዴት እንደሚጠፋ አልነገረንም። ዳኛውም ቁራኛ ያለ ፍርድ አይፈታም አለና አንድ ዘዴ አመጣ፤ በሰንሰለቱ ፈንታ ጠፍር ይሁን፣ አንዱ ጫፍ ከወንድሜ እጅ፣ ሌላው ታንኳ ላይ ከሚቀመጠው ከሳሽ እጅ ይታሰር። በብልሃቱ በጣም ደስ ብሎት ነበር። ወንድሜ ጠፍሩን በክንዱ ለካና እኔን ሳይጠብቅ በራሱ አማርኛ ተናገረ።

«ጌታዬ፣ ጠፍር አጭር ነው። ውሃ ረጅም ነው።»

የዳኛው አጃቢዎች በአማርኛው ሳቁበት። ጠፍሩን የተመለከተ ግን አልነበረም።

ጠልቆ ባዶ እጁን ወጣ። አልደርስበትም አለ። «ይድገም» አለ ዳኛው፤ አስተረጎምኩ። ሲደግም ጠፍሩ ከጀልባው ስባሪ ሥር ገብቶ ተያዘ። ከዳር ሆኜ የማየው ከሳሹን ብቻ ነው፤ ክንዱ በድንገት ወደ ውሃው ተሳበ፣ ታንኳው ዘመመ። የታንኳው ቀዛፊ የሆነው ወዲያው ገብቶት ቢላዋውን መዘዘ። ከሳሹ ጠፍሩ ላይ በሆዱ ተኛበት።

«አትቁረጥ፣ ያመልጣል» አለ።

በማውቀው ቋንቋ ሁሉ ቁረጥ እያልኩ ጮህኩ። ዳኛው ከጎኔ ቆሞ፣ ያለ እሱ ትእዛዝ ቁራኛ እንደማይቆረጥ አስታወሰኝ። ቀዛፊው ከሳሹን ገፍትሮ ቆረጠው፤ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ወንድሜ ወደ ላይ መጣ። ፊቱ ወደ ታች ነበር።

ጎትተን ዳር አወጣነው። የተቆረጠው ጠፍር ከእጁ ላይ አልተፈታም ነበር። ዳኛው አጎንብሶ አየውና ቀና አለ።

«ነጋሪቱስ?» አለ። ቀጥሎም «አስተርጉም እንጂ» አለኝ። ለማን እንደማስተረጉም ጠየቅሁት።

ከሳሹ ያን ጊዜ ወንዙ ዳር ቁጭ ብሎ ማልቀስ ጀመረ። ደረቱን እየመታ ነጋሪቴን፣ የአባቶቼን ነጋሪት ይላል። ወንድሜን በዓይኑ እንኳ አላየውም። የእኛዎቹ ሽማግሌዎች ግን እርስ በርስ ተያዩ፤ ሕግ አክባሪዎች ናቸውና አንዱ ራሱን እየነቀነቀ «አለቀሰለት» አለ። እስከ ዛሬ ስማቸው ሲነሳ ምራቄን የምተፋው ለዚህ ነው።

ዳኛውም እዚያው ፈረደ። ተከሳሽ ስለሌለ ከሳሽ ረቷል አለ። ከወንዝ ሥር ያለውን ነጋሪት መንግሥትም ድንገት አልፈለገውም። ቀዛፊው ቁራኛ በመቁረጡ ተገረፈ። እኔ ወንድሜን ተሸክሜ ዳገቱን ስወጣ ግርፋቱ ከኋላዬ ይሰማኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለማንም ዳኛ አላስተረጎምኩም።

ነጋሪቱ እዚያው አለ። በጋ ላይ ውሃው ሲጠራ ከዳር ሆኖ ለሚያይ ያብለጨልጫል። በእነሱም ሕግ በእኛም ሕግ የከሳሹ ነው። ወርዶ ያንሳው።