ፊልሙን ለአማቴ ስተረጉም

ለፍቅረኞች ቀን ማታ ከባለቤቴ ጋር ቤታችን የምናየው ሦስት የፍቅር ፊልም ከቪዲዮ ቤት ተከራይቼ ገባሁ። ለካስ አማቴ ደሴ ዓይናቸውን ታክመው ወደ አምባሰል ሲመለሱ፣ እኛ ጋ ሐይቅ ከተማ ሊያድሩ መጥተዋል። ሁለቱም ዓይናቸው በፋሻ ታስሯል።

ከሦስቱ ጨዋ የመሰለኝን መረጥኩ፤ ሽፋኑ ላይ ወንድና ሴት ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። የፈረንጅ ስለሆነ አማቴ "ምን አሉ?" ባሉ ቁጥር እተረጉማለሁ። ብዙም ሳንቆይ ጃንጥላው ተወረወረና መሳሳም ተጀመረ።

"ምነው ዝም አሉ? ምን እያደረጉ ነው?"

ባለቤቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቋን ታፍናለች። እኔን ላብ አጠመቀኝ።

"ሰላም እየተባባሉ ነው፣ እማማ።"

"እስካሁን?"

"ተነፋፍቀው እኮ ነው። እሱ... ግሸን ተሳልሞ መመለሱ ነው።"

"እሰይ፣ እንኳን በሰላም ገባ!"

መሳሳሙ ግን አላባራ አለ። አማቴ ትንሽ አዳመጡና ብድግ ብለው ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ መኝታቸው አመሩ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

"የታሰረው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው። ለመሆኑ አንተ ልጄን ሰላም የምትላት ግሸን ደርሰህ ስትመለስ ነው?"