የመኪናዋ ሰባት ቤት

ያችን የጀርመን መኪና በአራት መልኳ አውቃታለሁ። መጀመሪያ ያየኋት በግራና በቀኝ የእግር መርገጫ ያላት፣ የፊት መብራቶቿም ከአካሏ ውጭ የቆሙ ሆና ነው። ቀጥሎ መርገጫውን ጣለች፤ መብራቶቿንም ወደ ጉንጯ አስገብታ ክብ ሆነች። በሃምሳዎቹ ዓመታት ከኋላ ሁለት ሹል ጭራ አወጣች። በስድሳዎቹ መግቢያ ላይ ደግሞ ጭራውን ትታ ጠርዙ እንደ ተላገ ሣጥን ቀጥ አለች። ከሚኒስትሮቹ ረጃጅም መኪኖች የምታንስ፣ ከሌላው ሁሉ ግን የምትበልጥ፣ መካከለኛ መኳንንት የሚይዟት መኪና ነበረች። እኔ የመንግሥት ጸሐፊ እንጂ የመኪና ሰው አይደለሁም። ይህን ሁሉ ለይቼ ያወቅሁት እኅቴን ሊያገባ የፈለገው ሰው በእሷ ስለ መጣ ነው።

ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን በአውራጃው ጽሕፈት ቤት እሠራ ነበር። እኅቴ በከተማው ትምህርት ቤት አስተማሪ ስለ ነበረች ከእኔ ጋር ትኖራለች። አባታችን አንኮበር፣ ከጎረቤላ በላይ ባለ ደብር መሪጌታ ነበሩ። ዘራችን በአባትም በእናትም ከቤተ ክህነት ወጥቶ አያውቅም። አባቴ ምክንያት ባገኙ ቁጥር ይህን ይናገራሉ፤ እኔም መስማቱን አልጠላም ነበር።

መስቀል እንዳለፈ አንድ ጧት ጥቁር ክብ መኪና ደጃችን ቆመች። ሁለት ሽማግሌዎች ወረዱ። መሪውን የያዘው፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ኮቱን በደንብ የተኰሰ ሰው ግን ከመቀመጫው አልተነሣም።

«ልጁ ባለ መኪና ነው» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ፣ ገና ሳይቀመጡ።

እኅቴ ታውቀው ኖሯል። ባለፈው ዓመት የታመመች ባልደረባዋን አዲስ አበባ ሆስፒታል ድረስ ያደረሰላት እሱ ነው። ይህ መልካም ነው። ሆኖም ሽማግሌ ልኮ አብሮ የሚመጣ ጠያቂ አይቼ ስለማላውቅ፣ ሰላም ለማለት መስዬ ወጣሁና መኪናዋን ዞርኳት። የፊቱ መቀመጫ ደህና ነው። ከኋላ በስተቀኝ ያለው ግን ሰጥሟል፤ ቆዳውም ተሰነጣጥቋል፤ የክንድ ማሳረፊያው ወዝ ጠጥቶ ጠቁሯል። የዚህች መኪና ጌታ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ነው ብዬ አሰብሁ። 

በማግስቱ አንድ ላይ ወደ አንኮበር ሄድን። ብርዱ ከባድ ነበር። ሰውዬው አንድ እጀታ ሳበና ዝም ብሎ ተቀመጠ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አሉት ሽማግሌው።

«ትጋል አባቴ። የናፍጣ ናት፤ ሳትግል ካስነሧት ታኮርፋለች።»

ትዕግሥቱን ወደድሁለት። ወዲያውም ትዕግሥት የተማረው ማንን ሲጠብቅ ይሆን ብዬ ጠረጠርሁ።

አባቴ ለሽማግሌዎቹ «ይታሰብበታል» ብቻ አሏቸው። ይህ በእኛ አገር ነውር አይደለም፤ ሽማግሌ በመጀመሪያው አይሰጠውም። ብቻችንን ስንሆን ግን ጠየቁኝ።

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ሾፌር ይመስለኛል።»

«ባለ መኪና ብለውኝ? አጣራ።»

እኔ ሳላጣራ ዓመቱ ዞሮ ሽማግሌዎቹ ወደ አንኮበር ተመለሱ። አባቴ በእጃቸው የዝንብ ጭራቸውን ይዘው ከግቢው በር ቆመው ነበር። የመጣችው መኪና ያምናዋ አይደለችም። ረዘም ብላለች፤ ከኋላዋም ሁለት ጭራ ተቀስሯል።

«አምና ክብ ነበረች» አሉ አባቴ። «ዘንድሮ ጭራ አወጣች።»

«ይቺው ናት መሪጌታ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ ሳያስቡት።

«ይቺው?»

«ማለቴ፣ ልጇ ናት።»

«መኪና ትወልዳለች?»

ለማየት የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ሳቁ። አባቴ አልሳቁም። «እኔ ጭራ የያዝሁት ለዝንብ ነው። እሷ ለምንድን ነው?»

ሰውዬው ከመኪናዋ ወርዶ እጅ ነሣ። «ወደ ኋላ ሲኬድ ጠርዟ የት እንደሚያበቃ ለማየት ነው ይላሉ፣ አባታችን።»

«ይላሉ? አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ ያለ ጭራም ወደ ኋላ እሄድ ነበር።»

አባቴ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ልጇ ናት ከተባለ ዘሯን ቁጠርልኝ።»

ይህን ያሉት ሊያፌዙበት ነው። እሱ ግን እንደ ቁም ነገር ያዘው።

«ይቺን የወለደቻት ያምናዋ ክቧ ናት። ክቧን የወለደቻት ባለ መርገጫዋ ናት። ባለ መርገጫዋ ማርሿ ከወለሉ ነበር፤ ክቧ ወደ መሪው አወጣችው፤ ይቺም ከእናቷ ወረሰችው። ፍጥነት ማሳያዋ ግን የራሷ ነው፤ እንደ ሙቀት መለኪያ ቆሞ፣ ቀለም እየለወጠ ወደ ላይ ይወጣል። ሞተሯን ያየን እንደሆነ እናቷን ቁርጥ ናት።»

«ከባለ መርገጫዋ በፊትስ?»

«ከእሷ በፊት ያለችውን አልነዳሁም። ያልነዳሁትን አልቆጥርም።»

«ሦስቱንም የነዳኸው ለማን ነው?»

«ለጌታዬ። እኔ ሾፌር ነኝ።»

አባቴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ባለ መኪና ነው አላችሁኝ።»

«ባለ መኪና አልን እንጂ የመኪና ባለቤት መች አልን?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። ጎረቤቱ እንደገና ሳቀ። እኔ ግን አንድ ቃል እንዲህ ሲሰነጠቅ የሚያይ ሰው ሌላም ቃል ይሰነጥቃሉ ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም እላለሁ።

«እሺ» አሉ አባቴ። «የብረቱን ዘር ቆጠርህ። አሁን የራስህን ቁጠር።»

በእኛ ዘንድ ተጋቢዎች እስከ ሰባት ቤት ተቆጥረው ዘመድ አለመሆናቸው ሳይታወቅ ጋብቻ የለም። ሰውዬው የአባቱን ስም ጠራ፤ የአያቱን ጠራ፤ የቅድመ አያቱን ጠራ። ከዚያ ቆመ። ዓይኑን እኅቴ ወደ ቆመችበት የቤቱ በር ጣል አድርጎ መለሰ።

«ረስቶት ነው» አሉ ሽማግሌው። «አባቱ ልጅ ሳለ ሞተውበት አዲስ አበባ ነው ያደገው።»

«የመኪናን አያት ያልረሳ ሰው የራሱን ይረሳል? ሰባቱን ይዞ ይምጣ። አለዚያ አይምጣ።»

አባቱ የእነዋሪ ሰው መሆናቸውን ሽማግሌዎቹ ነግረውኝ ስለ ነበር፣ በገበያ ቀን በጭነት መኪና ተሳፍሬ ሄድሁ። ጠያይቄ የአባቱን አክስት ስንዴ ሲሸጡ አገኘኋቸው። ለምን እንደ መጣሁ ስነግራቸው ባርኔጣዬን አዩ፣ ጫማዬን አዩ።

«አራተኛው ስም ጠፍቶ ነው እማማ?»

«ምን ይጠፋል! አይነሣም እንጂ። አንተ የቄስ ልጅ ነህ አይደል?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው ለዚህ ነው።» የስንዴውን ጆንያ አፍ ጠቅልለው ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ባለ እጅ ነበሩ። የዚህ አገር ገበሬ ያረሰው እሳቸው በቀጠቀጡት ማረሻ ነው። ልጅ ለልጅ ግን ማንም ከእሳቸው ጋር አልተሰጣጠም።»

ነገሩ ለዛሬ አንባቢ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ብረት ቀጥቃጭን ሰው ዓይኑን ይፈራ ነበር፤ ማረሻውን እየገዛ ከልጁ ጋር መጋባትን ግን እንደ ርኩሰት ይቆጥር ነበር። በቤተ ክህነት ቤት ደግሞ ይህ ይብሳል። ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ የተደበቀ ነገር ያወጣ መርማሪ ሆኖ ተሰማኝ። እኅቴ ልብስ ስትተኩስ ደረስሁ።

«አራተኛውን አገኘሁት» አልኋት።

«ቀጥቃጭ ናቸው» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ማን ነገረሽ?»

«እሱ። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት።»

«ታዲያ አባባ ፊት ለምን ተደበቀ?»

ካውያውን አቆመችው። «እኔ ነኝ አትጥራ ያልኩት። ያን ስም ከጠራ እዚያው ያበቃል ብዬ ፈራሁ። አባባ ካልመረቁኝ አላገባውም፤ እሱንም ከተውሁ ሌላ አላገባም። አሁን አንተ ደግሞ ሄደህ ንገራቸውና ጨርሰኝ።»

«እኔ አልናገርም» አልኋት። «እሱ ራሱ ይናገር። ከዘለለው ግን እናገራለሁ።»

በሦስተኛው ጊዜ አባቴ ብቻቸውን አልጠበቋቸውም። ዘር ቆጠራ የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ቄስ፣ የደብሩ ባልደረባቸው፣ ከጎናቸው ተቀምጠው ነበር። እኅቴ ከመጋረጃው ኋላ ናት። ሰውዬው ቆሞ መቁጠር ጀመረ። እኔ ከንፈሩን እጠብቃለሁ። ሦስተኛው ላይ ደረሰ። ትንፋሽ ወሰደ፤ አራተኛውን ስም ጠራና «ማረሻ ቀጥቃጭ ነበሩ» አለ።

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ቄሱ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ሰውዬው ሳያቋርጥ አምስተኛውን፣ ስድስተኛውን፣ ሰባተኛውን ጠራ።

«አምስተኛውስ?» አሉ አባቴ በቀስታ። «እሱም ባለ እጅ ነው?»

«እሳቸውም።»

«ስድስተኛው?»

«ስማቸውን ዘመዶቼ ነግረውኛል። ሥራቸውን የሚያውቅ አላገኘሁም። ያላወቅሁትን አልልም።»

አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው የእኛን ሰባት ቤት በልባቸው ሲቆጥሩ ጣታቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ወደ ባልደረባቸው ዞሩ።

«ከእኛ ጋር የሚገናኝበት አለ?»

«ከቀጥቃጭ ጋር?» አሉ ቄሱ ተቈጥተው። «በየት በኩል ብለን ነው ከቀጥቃጭ ጋር የምንገናኘው!»

«ተመልሰው ይቁጠሩት።»

«ምን ይቈጠራል? አይገናኝም!»

«እኔም እንደዚያው ነው ያገኘሁት» አሉ አባቴ። «ሕጉ የሚጠይቀው መገናኘት አለመገናኘቱን ነው። አይገናኝም።»

 ትልቁ ሽማግሌ ነገሩ ሲገባቸው ተነሥተው ጉልበት ሊስሙ ሲሉ አባቴ በእጃቸው ከለከሏቸው።

«ቀን ቁረጡ» አሉ።

ቄሱ መቋሚያቸውን አነሡና ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ። አባቴ እንግዳቸውን ሁሉ እስከ ግቢው በር የሚሸኙ ሰው ነበሩ። ያን ቀን ግን ባልደረባቸውን ለመሸኘት ከመቀመጫቸው አልተነሡም።