ሲስተሙ አባል አይደለም

«ይኼን ‹ስህተት› የሚል ቃል አጥፊና ‹የአፈጻጸም ክፍተት› በይው» አሉኝ ዛሬ ኃላፊያችን፣ ኮምፒውተሬ ላይ አጎንብሰው።

የዘመሮን ገበያ የበግ ዋጋ የሚያሳየው ድረ ገጻችን ሲበላሽ ምክንያቱን ራሱ እንዲመዘግብ እያስተካከልኩ ነበር። ትናንት ዋጋው ሳይታደስ ቀርቶ፣ ከጓሳ በግ ነድተው የመጡ አንድ አባት የእኛን የድሮ ዋጋ አምነው በርካሽ ሸጠው ገብተዋል።

«ጋሼ፣ ይኼማ ስህተት ነው» አልኳቸው።

«ነገ ግምገማ አለ! ስህተት የሚባል ነገር እንዳላይ!»

«ሲስተሙ አባል አይደለም፤ ግምገማ አይፈራም።»

(ቢሮው ውስጥ ሁለት ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ።)

አልቀየርኩትም። እንዲያውም አሁን ‹ስህተት›ን በቀይ እንዲጽፍ አድርጌዋለሁ።

ነገ ‹የአፈጻጸም ክፍተት› የምባለው እኔው ነኝ፤ ልባላ!

እስቲ እናንተ መሥሪያ ቤት ስህተትን ምን ብላችሁ ነው የምትጠሩት?