የእሽጉ ምልክት

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የተላከልኝ እሽግ ሞላሌ ሳይደርስ ቀረ። ሹፌሩ ጋ ስደውል «መንገድ ላይ ወድቆ ይሆናል፣ እህቴ» ብሎ ዘጋው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የደብራችን አስተዳዳሪ መምሬ ጥላሁን አንድ እሽግ ከፍ አድርገው ያዙ። «ወድቆ ተገኝቷል። ስሙን ዝናብ አጥቦታል፤ ባለቤቱ ምልክቱን ተናግሮ ይውሰድ!»

በእኛ አገር ምልክት ሳይናገሩ የወደቀ ዕቃ መውሰድ የለም። ተሽሎክልኬ ጠጋ አልኩና «መጽሐፍ ነው» ብዬ አንሾካሾክኩ።

«የምን መጽሐፍ? ሕዝቡም ይስማሽ እንጂ፣ ልጄ!»

ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ስቤ «ሰው ፊት ሳይፈሩ ስለ መናገር!» ብዬ ጮህኩ።

ዐውደ ምሕረቱ በሳቅ ተሞላ። መምሬ ወረቀቱን ገለጥ አድርገው አዩና እሽጉን ሲሰጡኝ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«ስትጨርሺ አውሺኝ። እኔም ስሰብክ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል።»