ስንዴ የሌለበት እንጀራ

መካነ ሰላም ዋናው መንገድ ዳር፣ ከልብስ ስፌት መኪናዬ ፊት ለፊት፣ አንዲት ሴትዮ ምግብ ቤት ነበራት። አንድ ጠዋት ቀና ብል በራፏ ላይ አዲስ ሰሌዳ ተሰቅሏል። «ስንዴ የሌለበት ምግብ አለን» ይላል። የተሳሳትሁ መስሎኝ መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁና ደግሜ አነበብሁት። ያው ነው። ማንበብ የተማርሁት በራሴ ነው፤ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም፤ ስለዚህ የተጻፈ ነገር ሳይ አክብሬ ነው የማነብ። ያን ቀን ግን የተጻፈው አስደነገጠኝ። ምግብ ቤት ያለውን ይጽፋል እንጂ የሌለውን ጽፎ የሚሰቅል የት አገር አለ?

እኔ የሰባ ሰባትን ረሃብ ያየሁ ሰው ነኝ። የእርዳታ ስንዴ ለመቀበል ወረኢሉ ድረስ በእግሬ ሄጄ ተሰልፌአለሁ። ከፊቴ የነበረ ሰውዬ ትንሽ ልረፍ ብሎ ቁጭ አለ፤ ተራው ሲደርስ ቢጠሩት አልተነሣም። ስንዴ የሌለበት ቤትማ እናውቃለን፤ ያኔ የሁላችንም ቤት ስንዴ አልነበረበትም፤ ሰሌዳ ግን አልሰቀልንም። ስለዚህ ያን ጽሑፍ ሳነብ የተሰማኝ ቁጣ ብቻ አልነበረም። ሰው እንዲህ ቶሎ ይጠግባል ወይ ብዬ ነው የደነገጥሁ።

አጠገቤ የሚሠራው ጫማ ሰፊ ግን ሳቀበት።

«ነገ ደግሞ ሥጋ የሌለበት ጥብስ ትሸጥልናለች» አለኝ። «እኔም ሶል የሌለው ጫማ ልጀምር መሰለኝ።»

«አንተማ ድሮም እሱን ነው የምትሸጥ» አልሁት።

ነገሩ ከማን ቤት እንደመጣ ልጠረጥር ሲገባኝ ያኔ አላወቅሁም። የመጣው ከእኔው ቤት ነበር።

ልጄ ሳውዲ ከርማ የተመለሰችው ስደተኛው በገፍ በተመለሰበት ጊዜ ነው። ስትሄድ ሞላ ያለች ልጅ ነበረች፤ ስትመለስ ጉንጯ ገብቶ፣ ክንዷ ቀጥኖ፣ ቀሚሷ በላይዋ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘናት። የመጣች ቀን እራት ቀረበ። እጇን ታጥባ ተቀመጠችና «አባባ፣ አትቆጡኝ፣ እኔ ስንዴና ገብስ አልበላም» አለች።

«ምን ጾም ነው ደግሞ የገባብሽ?» አለቻት እናቷ።

«ሐኪም ነው የከለከለኝ። እሠራበት በነበረው ቤት ይኸው ሕመም ያለባት ሕፃን ነበረች። እኔንም እንደሷ ሆዴን ሲነፋኝ፣ ሲያስቀምጠኝ እመቤቲቱ አይታ ወስዳ አስመረመረችኝ። ስንዴና ገብስ አንጀትሽን ያቆስለዋል፣ ዕድሜ ልክሽን ነው አሉኝ።»

ስንዴ አንጀት ሲያቆስል ሰምቼ አላውቅም። እኔ የማውቀው አንጀት የሚያቆስል ረሃብ ነው። ደግሞስ በእኛ ደጋ ጤፍ ብቻውን የሚጋግር ማን አለ? ጤፉ የሚመጣልን ከወግዲ በኩል ከቆላው ነው፤ የእኛ መሬት የሚሰጠን ገብስና ስንዴ ነው። ሴቶቻችን ጤፉ ላይ ገብስ ይቀይጡበታል። ማጭበርበር አይደለም፤ እንጀራው እንዲለሰልስ፣ ሆድ እንዲይዝ የሚደረግ የባለሙያ ሥራ ነው። ገብስ ደግሞ መድኃኒታችን ነው። ለታመመ፣ ለወለደች፣ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ቀድሞ የሚቀርብለት የገብስ አጥሚት ነው።

«በዚህ ቤት የሚቦካው አንድ ሊጥ ነው» አልኋት። «የሚቀርበውም አንድ መሶብ ነው። ለብቻው መብላት የፈለገ ሰው ለብቻው ቤት ይሥራ።»

ከባድ ቃል እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን በእኛ ዘንድ በገበታ መለየት የጠብ ምልክት ነው፤ ወንድማማቾች ሲጣሉ መጀመሪያ የሚለያዩት በመሶብ ነው፤ መሬቱ ቀጥሎ ነው። ልጄ ለጥቂት ጊዜ ድንች ቀቅላ በሳህን ይዛ ከጎናችን ትቀመጥ ነበር። በኋላ በምሳ ሰዓት ከቤት መጥፋት አመጣች።

የት እንደምትሄድ የነገረኝ ጫማ ሰፊው ነው።

«ሰሌዳውን ያሰቀለችው ያንተ ልጅ እኮ ናት» አለኝ፣ ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሣ። «በጓሮ በር እየገባች ምሳዋን እዚያ ነው የምትበላ። አታውቅም ነበር እንዴ?»

አባቷ በሕይወት እያለ፣ ከአባቷ ቤት ጭስ እየወጣ፣ ያላገባች ልጅ ሆቴል ተቀምጣ ስትበላ! መቀሱን ከእጄ ሳላስቀምጥ መንገዱን ተሻግሬ ገባሁ።

ቤቱ ሞልቷል። የአንድ ለአምስት ስብሰባቸውን የጨረሱ የወረዳ ሠራተኞች፣ ከዓረብ አገር የተመለሱ ወጣቶች። መሐል ላይ አንድ ወጣት ካድሬ ተደላድሎ ተቀምጦ «ለእኔ ስንዴ የሌለበትን!» ይላል። «ስንዴ ከተውሁ ወዲህ ሆዴም ቀለለኝ፣ እንቅልፌም ተስተካከለ።» ከፊቱ ግን ቢራ ቆሟል።

«ቢራውስ?» አልሁት።

«ቢራው ምን ሆነ አባባ?»

«ገብስ ነዋ!»

«ፈሳሽ እኮ ነው» አለኝ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ።

ልጄ ጥግ ላይ ብቻዋን ሽሮ ይዛ ነበር። ስታየኝ ቆመች። ባለቤቲቱ ግን ቀድማት ደረሰች። ክርስቲያን ናት፤ ግን እንደ አገራችን ሰው ወላሂ ሳትል አፏ አይከፈትም።

«አብሽሩ አባባ፣ ምን ሆነው ነው? መቀሱን እንኳ ያስቀምጡት፣ ሰው ያስደነግጣሉ።»

«ልጄን ከገበታ ያስኮበለልሽ አንቺ ነሽ?»

«እኔ? ወላሂ፣ እሷው ናት መጥታ ለብቻው ጋግሪልኝ ያለችኝ።»

«እነዚህስ? የእነዚህም ሁሉ አንጀት ቆስሏል?»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እነዚህማ የሚበሉት ወሬ ነው። ካድሬው የልጅዎን አይቶ ምንድን ነው አለኝ። የዓረብ አገር ሐኪም ያዘዘው ነው ስለው፣ ለእኔም አለ። ከዚያ አለቃው፣ ከዚያ የአለቃው ጓደኛ። ግን አባባ፣ ለአንዲት ልጅ ብዬ ለብቻው ባቦካ አያዋጣኝም። እነሱ ባይቀብጡ እሷ አትበላም።»

ቅብጠት ኃጢአት ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ፤ አሁንም አምናለሁ። የነዚያ ሰዎች ቅብጠት ልጄን ይመግባታል ብዬ ግን በሕልሜም አስቤ አላውቅ።

«ተነሽ፣ ወደ ቤት» አልኋት ልጄን።

«አልመጣም።» ተመልሳ ተቀመጠች። «አባባ፣ እኔ በሰው አገር ያቺን የሰው ልጅ በድስት ለይቼ፣ በማንኪያ ለይቼ ሳበላ ነው የኖርሁት። አባቷ አንድም ቀን ለብቻሽ ቤት ሥሪ አላላትም።»

ካድሬው እንኳ ማኘኩን አቆመ። እኔ መቀሴን እንደያዝሁ ወጣሁ። ለሚስቴ «ተያት፣ ሲሰለቻት ወደ ገበታችን ትመለሳለች» አልኋት። ልጄ እቤት እያደረች የምትበላው እዚያው ሆነ።

ክረምት ገባ። ከወግዲ የሚመጣው መንገድ ጭቃ ሆኖ መኪና አላሳልፍ አለ፤ ጤፍ ከገበያ ጠፋ። ነሐሴ ላይ ልጄ አልጋ ያዘች። ሆዷ ተነፋ፤ የቀመሰችው አልረጋላት አለ፤ ስታበጥር ፀጉሯ በማበጠሪያው እየተጠቀለለ ይወጣ ጀመር። ክሊኒክ ወሰድናት፤ ታይፎይድ ሳይሆን አይቀርም ብለው ኪኒን ሰጧት፤ ለውጥ የለም። እናቷ የገብስ አጥሚት አፍልታ አቀረበችላት። ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«እማ፣ ገብስ ነው እኮ።»

«ገብስማ ነው! ሌላ ምን ላጠጣሽ? ልትሞችብኝ ነው?» ብላ እናቷ አለቀሰች። አጥሚቱ ቀዝቅዞ ተደፋ።

እኔ ግን ከሕመሟ ውስጥ ማስረጃ አወጣሁ። ይኸው፣ ስንዴ የሌለበትን ስትበላ ከርማ ታመመች፤ ስለዚህ መጀመሪያም ስንዴው አልነበረም አልሁ። ይህንኑ ለሴትዮዋ ልነግራት፣ ሰሌዳዋንም እንድታወርድ ልመክራት ሄድሁ። በጓሮ በኩል ገባሁ። ቡሆቃው ላይ ጎንበስ ብላ ታቦካለች። ከአጠገቧ አፉ የተከፈተ ጆንያ አለ። ዱቄቱን በጣቴ ነካሁት። ደጋ ያደገ ሰው ይህን ለመለየት ሁለተኛ መንካት አያስፈልገውም። ገብስ ነበር።

«ይህ ለየትኛው ነው?»

«ለሁሉም ነው። አሁን አንድ ላይ ነው የማቦካው።»

«ስንዴ የሌለበት የምትይውስ?»

«እሱም ያው። ስንዴ የለበትማ!» ቀና አለች። «ወላሂ አባባ፣ ስንዴ በደጄ አላለፈም። ጤፍ ሲጠፋ ገብስ ነው የቀየጥሁበት።»

«ልጄ ገብስም አልበላም አላለችሽም?»

«ብላኛለች። ግን ገብስ ማንን ጎድቶ ያውቃል? እንዲያውም ለሆዷ ብዬ ነው። ስትከሳ ሳያት አሳዘነችኝ፤ በከሳች ቁጥር ጨመር አደረግሁላት።»

ጣቴ ላይ የቀረውን ዱቄት በኮቴ ጠረግሁ። ምነው ክፉ ሰው በሆነች! ለክፉ ሰው የምለው አላጣም ነበር። እሷ ግን አዝናላት ነው የመረዘቻት። ሚስቴም ከልጄ አልጋ አጠገብ ያንኑ ገብስ ይዛ ቆማ ነበር። እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው።

«ከመቼ ጀምሮ?» አልሁ።

«ክረምቱ ከገባ።»

በዚህ መሐል ከፊት ለፊቱ ክፍል የካድሬው ድምፅ መጣ። «ስንዴ የሌለበትን ጨምሩልኝ! ጤፍ እኮ ያስታውቃል፤ ሆድ ላይ ቅልል ነው የሚል!»

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። «አንተ ልጅ፣ ክረምቱን ሙሉ የበላኸው ገብስ ነው» አልሁት።

እጁ አየር ላይ ቀረ። እንጀራውን አየ፤ ጓደኞቹን አየ። «ይቀልዳሉ አባባ።»

«እሷን ጠይቃት።»

ሴትዮዋ መጋረጃውን ይዛ አንገቷን ደፍታ ቆማለች።

«ታዲያ እኔ ምንም አልሆንሁም እኮ!» አለ ካድሬው።

«አለቃዬ፣ እንቅልፉስ? እንቅልፉን ማን አስተካከለው?» አለው ከጎኑ ያለው፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እነሱ ይስቃሉ፤ እኔ ፊታቸው ያለውን እንጀራ አያለሁ። ከልጄ ጋር ከአንድ ቡሆቃ ነው የበሉት። እነሱ ገብስ መሆኑን አላወቁም፤ ልጄም አላወቀችም። አውቃ ቢሆን አስመሰለች እል ነበር፤ ፈርታ ነው የታመመች እል ነበር። ሰው ያላወቀውን ነገር እንዴት ያስመስላል? እነሱ ሳያውቁ በልተው ጉንጫቸው ሞላ፤ እሷ ሳታውቅ በልታ ፀጉሯ ረገፈ። የዓረብ አገሩ ሐኪም እውነቱን ነበር፤ ልጄም እውነቷን ነበር፤ በዚያ ሰሌዳ ሥር ግን እውነት ይዛ የገባችው እሷ ብቻ ነበረች። እኔም ሁሉንም በአንድ ዓይን አይቼ ቀባጦች ናቸው ብዬ ፈርጄ ነበር።

ዝናቡ እየደበደበኝ ቤት ገባሁ።

«ከእንግዲህ ሁለት ሊጥ ይሁን» አልኋት ሚስቴን።

«ምን አልህ?» ምድጃው ላይ ያለውን ትታ ዞረች። «ሰው ቢሰማ ምን ይላል? ተጣልተው ተለያዩ ነው የሚል።»

«ይበል።»

አንድ ዘመድ ከቆላው ጤፍ በበቅሎ ጭኖልን እስኪመጣ ልጄ በድንችና በእንቁላል ሰነበተች። ጤፉ ሲገባ ሁሉም ነገር ያለቀ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ከአልጋዋ ቀና ብላ ትጠይቅ ጀመር።

«የት ነው የሚፈጨው አባባ? ወፍጮ ቤቱ ገብስ ሲፈጭ ነው የሚውለው።»

አላሰብሁትም ነበር። የቤታችንን የድንጋይ ወፍጮ በብሩሽና በፈላ ውኃ ስፈገፍግ ዋልሁ። የሴት ወፍጮ ላይ ተንበርክኬ ያየችኝ ጎረቤት «በስመ አብ!» ብላ አማትባ አለፈች።

«ቡሆቃውስ?»

«አዲስ ነው።»

«እርሾውስ?»

የሰፈሩ እርሾ ሁሉ ገብስ ካለበት ሊጥ የተቀዳ ነው። ሚስቴ ጤፉን በውኃ ብቻ በጥብጣ፣ ራሱ ኮምጥጦ እስኪነሣ ጠበቀችው። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን የሌለው፣ ወፍራምና ደረቅ ነበር። ለልጄ በአዲስ መሶብ፣ ለእኛ በነባሩ ቀረበ። ሁለት መሶብ ጎን ለጎን ተቀምጦ ሳይ፣ እኔው ያዘዝሁት ቢሆንም፣ በቤቴ ለቅሶ የተቀመጠ መሰለኝ።

ልጄ ቆርሳ ጎረሰች። ቀስ ብላ አኘከች፤ ደግማ ቆረሰች። እኔ ይቅርታ በቃል መጠየቅ አልተማርሁም፤ ቤታችን የተኳረፈ የሚታረቀው በጉርሻ ነው። እጄን ዘርግቼ ከእሷ መሶብ ቆርሼ ላጎርሳት ስል መሶቡን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ኋላ ሳበችው።

«አባባ፣ እጅዎ! አሁን ከወዲያኛው ቆርሰውበታል።»

ጣቶቼን አየኋቸው። ምንም የሚታይ ነገር የለባቸውም። እናቷ ታየኛለች፤ እቆጣለሁ ብላ ነው። ተነሥቼ ደጅ ወጣሁ። ሳሙና አስመጥቼ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ፣ ጥፍሬን ሳይቀር ታጠብሁ። ተመልሼ ገባሁና እጆቼን እንደ ሕፃን ገልብጬ አሳየኋት። አየቻቸው። ከዚያ መሶቡን ወደ እኔ አስጠጋችው።